ዓሣ የሚያርፍበት

አንፊሳ ድልድዩን ከተሻገረች በኋላ መኪናው የቦታ ስም መጥራት ጀመረ። ድሮ ከድልድዩ በፊት ይጀምር ነበር። ከድልድዩ ወዲህ የነበሩት ስሞች ግን ባለፈው ዓመት ተሰርዘው አልቀዋል።

«ስም አልባ» አለ መኪናው። ጥቂት እንደሄደም ደግሞ «ስም አልባ» አለ። ኮረብታውን ሲጠመዘዝ «የሴናተር ዊትኮም ተራራ» ብሎ ጠራና ወዲያው ወደ «ስም አልባ» ተመለሰ።

ድምፁ የአክስቷ የማትሮና ነው። የስያሜ ጽሕፈት ቤቱ ሰዎች ከብዙ ዓመት በፊት፣ ማትሮና ጥርሶቿ ሁሉ በቦታቸው ሳሉ፣ የበረዶውን ወራት ሙሉ ማይክሮፎን ደቅነው አስለፍልፈዋታል። የተቀዳው ድምፅ ጥርት ያለና የሰለቸው ነው፤ ስትቀዳ ሰልችቷት ነበርና። ዛሬ በዚያ የአላስካ ክፍል የሚሄድ መኪና ሁሉ ቦታ የሚጠራው በዚህ በሰለቸው ድምፅ ነው። ማሽኑ ማትሮና ፈጽሞ ያላለችውን ቃል እንኳ በእሷ ድምፅ አቀነባብሮ ይናገራል። «ስም አልባ» የሚለውን እሷ በሕይወቷ ብላው አታውቅም።

የእውነተኛ ስያሜ ሕግ የወጣው አንፊሳ ልጅ ሳለች ነበር። በበጎ ሐሳብ የወጣ ሕግ ነው፤ ክፉ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ለሕግ ማውጣት ትዕግሥቱ የላቸውም። በዚያ ዘመን ኩባንያዎች የቆሻሻ መጣያውን ጎን «ጠል ሜዳ» እያሉ ቤት ይሸጡበት ነበር። ሾፌር የሌላቸው መኪኖችም «ሰፊ ጎዳና» የተባለውን አምነው ገደል ገቡ። ምክር ቤቱም ስለ ቦታው አንድ ነገር የሚናገር ስም የተናገረው ነገር እውነት ሆኖ ካልተገኘ እንዲሰረዝ ወሰነ። ምንም የማይናገር ስም ግን አይነካም። ምንም ከማይናገር ስም ደግሞ የሰው ስምን የሚያህል የለም። ሴናተር ዊትኮም በሕይወት ሳለ እውነት ሲናገር የሰማው የለም ይባላል፤ ተራራ ከሆነ ወዲህ ግን አንድም ጊዜ አልዋሸም።

ሕጉ ሁሉንም እኩል ያያል። እኩል የማይወድቅበት ሕዝብ እንዳለ ያሰበ አልነበረም። የላይ ውሃ ሰዎች፣ የአንፊሳና የማትሮና ወገኖች፣ የአላስካ ነባር ሕዝቦች ከሚናገሯቸው ከአታባስካን ቋንቋዎች አንዱን ይናገሩ የነበሩ ሰዎች ናቸው፤ ቦታን በሰው ስም አይጠሩም። ነውር ነው። ሰው ይሰክራል፣ ይዋሻል፣ ያረጃል፣ ይሞታል፤ እንዲህ ያለውን ፍጡር ተራራ ላይ መጫን ተራራውን መናቅ ነው ይላሉ። ስለዚህ ከአባቶቻቸው የወረሱት ስም ሁሉ ስለ ቦታው የሚናገረው አለው፤ ስለዚህም ሕጉ ሁሉንም አገኛቸው። «በረዶ በጋውን የሚከርምበት» በረዶው ስለቀለጠ ተሰረዘ። «አጋዘን የሚሻገርበት» አጋዘኑ መምጣት ስላቆመ ተሰረዘ። «ድብ የተንከባለለበት» ለተባለው ቁልቁለት ደግሞ ጽሕፈት ቤቱ ድቡ ሲንከባለል ያየ ምስክር ጠየቀ። ምስክር አልተገኘም።

ነገሩ በስም ብቻ ቢያበቃ ኖሮ አንፊሳ ስሞቹን በልቧ ይዛ ትኖር ነበር። ግን ስም የሌለው ቦታ በሕጉ ማንም የማይጠቀምበት ቦታ ነው፤ ማንም የማይጠቀምበት ቦታ ደግሞ ለጨረታ ይወጣል። ከአባቶቿ ምድር በቤተሰቡ እጅ የቀረው አንድ የወንዝ ጥምዝ ብቻ ነበር። መኪናው ወደዚያ ሲቃረብ ድምፁ ሳይለወጥ፣ በዚያው በሰለቸው ቃና የድሮውን ስም ጠራ። በትርጉሙ «ዓሣ የሚያርፍበት» ማለት ነው።

ወንዙ ከፏፏቴው ወርዶ እዚያ ጥምዝ ላይ ይሰፋና ይረጋጋል። ሳልመን ዓሣ ከባሕር ተነሥቶ ሽቅብ ሲመጣ ፏፏቴውን ከመውጣቱ በፊት እዚያ ይተነፍሳል። በዳርቻው የዓሣ መንኮራኩር አለ። ውሃው ራሱ ያዞረዋል፤ ቅርጫቶቹ እየጠለቁ ይወጣሉ፣ የገባውን ዓሣ ወደ ሣጥን ይጥላሉ። ከመንኮራኩሩ በላይ የጢስ ቤት፣ የማትሮና ጎጆና አንድ አግዳሚ ወንበር አሉ። አንፊሳ በከተማው የባትሪ መሙያ ጣቢያ ስትሠራ የምታገኘውን የዕረፍት ቀን ሁሉ የምታሳልፈው እዚህ ነው። የዚያን ቀን ግን ልታርፍ አልነበረም የመጣችው። የጽሕፈት ቤቱ መርማሪ ይመጣል ተብሎ ነበር።

መርማሪው ሃልቨርሰን ይባላል፤ ቀጭን፣ ጨዋ፣ ጥሩ ጫማ ያደረገ ሰው ነው። ከመኪናው እንደወረደ ወደ ማትሮና ሄዶ ጎንበስ አለና በገዛ ቋንቋዋ ሰላምታ ሰጣት። ቋንቋውን ከማሽኑ ተምሯል። ማሽኑ የሚያውቀው አንድ ድምፅ ብቻ ስለሆነ ሰውየው ቃሉን ከነመሰልቸቱ ተምሮታል። «ደህና ነዎት ወይ» ሲል ከሬሳ ቤት የተመለሰ ይመስል ነበር።

ማትሮና ወደ አንፊሳ ዞራ በእንግሊዝኛ ጠየቀቻት። «ምን ነካው ይሄ ሰውዬ? አሞታል?»

«ቋንቋሽን እየተናገረ ነው፣ አክስቴ።»

«እሱንማ ሰማሁ። ለምንድነው እንደ በሽተኛ የሚያቃስተው?»

«ካንቺ ነው የተማረው።»

ማትሮና መርማሪውን ከእግር እስከ ራሱ አየችው። «ታዲያ ከእኔ ከተማርክ» አለችው፣ «መቀመጥም ትማር ነበር። ግን ወንበሩ አንድ ነው።» አግዳሚው ላይ ከቢላዎቿ ጋር እንደተቀመጠች አልተነሣችም። ሃልቨርሰን ቆሞ ቀረ።

«እማማ ማትሮና» አለ፣ «እንደሚያውቁት ጽሕፈት ቤታችን ዓሣ አይቆጥርም።» ድሮ ይቆጥር ነበር። በወንዙ ውስጥ መቁጠሪያ መሣሪያ ነበረው። የመሣሪያው በጀት ሲያልቅ አክብሮት ተጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ስለ ነባር ስሞች እውነት የሚጠየቁት የቋንቋው ተናጋሪዎች ብቻ ናቸው። በምድር ላይ የቀረችው ተናጋሪ ደግሞ ማትሮና ነበረች። «የእርስዎ ቃል ለእኛ በቂ ነው። እዚህ ቦታ ዓሣ ያርፋል?»

ማትሮና ውሃውን አየች። ከዚያ ዓይኗን ወደ ጉልበቷ መለሰች።

«የለም» አለች። «ምንም የለም።»

ከሃልቨርሰን ጀርባ አንድ ሳልመን ከውሃው ዘልሎ ወጣና በሆዱ ተመልሶ ወደቀ፤ ድምፁ ከወንዙ ዳር እስከ ጎጆው ተሰማ።

አንፊሳ ያልገባት ነገር አልነበረም። የላይ ውሃ ሰው «ዓሣ አለ» አይልም። ዓሣ ሰው የሚለውን ይሰማል። «አለ» ያለ ሰው «የእኔ ነው» እንዳለ ይቆጠርበታል፤ የኮራበትን ሰው ዓሣ ይታዘበውና ይቀርበታል። መንኮራኩሩን ሊያይ የሚሄድ ሰው «ዓሣ ላመጣ» ሳይሆን «ውሃውን አይቼ ልምጣ» ነው የሚለው። የጢስ ቤቱ እስከ ጣራው በዓሣ ቋንጣ ተሞልቶ እንግዳ ሲመጣ «ምንም የለን» ይባልና ቋንጣው ይቀርብለታል። እንግዳውም ነገሩ ገብቶት ይበላል። ሃልቨርሰን ግን የመጣው ሊመዘግብ ነበር።

«ምንም የለም» ብሎ በአንገቱ ላንጠለጠለው መቅጃ ደገመለት።

«ሚስተር ሃልቨርሰን፣ እስቲ ዘወር በል» አለች አንፊሳ።

«አየሁት» አለ ሳይዞር። «ጥላውን አይቻለሁ።»

«ታዲያ ካየህ!»

«እኔ ምስክር አይደለሁም። ማየት ከሥልጣኔ ውጪ ነው።» ይህን ያለው በትሕትና ነበር፤ ሥልጣኑን አለማለፉ ያኮራዋል።

«እኔ ልመስክር። ዓሣ አለ። ራሴ ነኝ ከሣጥኑ የማወጣው።»

ማትሮና በረጅሙ ተነፈሰች።

«ተናጋሪ ነሽ?» አላት ሃልቨርሰን።

«ስሞቹን ሁሉ አውቃለሁ።»

«መመሪያው ተናጋሪ የሚለው በቋንቋው የሚያልመውን ነው። በምን ቋንቋ ነው የምታልሚው?»

«በባትሪ መሙያ ቋንቋ» አለች አንፊሳ በንዴት። እሱም በሐዘን ራሱን ነቀነቀ።

ስሙ እንደ ታገደ ነገራቸው። የዓሣው ወቅት ሳያልፍ ኮሚቴው እዚሁ ድረስ መጥቶ ችሎት ይቀመጣል፤ በዚያ ቀን ተናጋሪዋ ቃሏን ካልቀየረች ስሙ ይሰረዛል። ግን ሕጉ ርኅሩኅ ነው። ተናጋሪዋ ለቦታው ሌላ ስም ማውጣት ትችላለች፤ ጽሕፈት ቤቱም ቢፈቀድለት «የማትሮና ጥምዝ» የሚለውን ሐሳብ ያቀርባል። የሰው ስም ስለሆነ ለዘላለም ማንም አይነካውም። ይህን ሲናገር ዓይኑ እንባ አቀረረ። ሊሄድ ሲል ማትሮና ያቀረበችለትን የሳልመን ቋንጣ አንሥቶ እያላመጠ ወደ መኪናው ገባ። ቋንጣው ከየት እንደመጣ አልጠየቀም፤ መጠይቁ ላይ አልነበረም።

በማግስቱ አንፊሳ መንኮራኩሩን ልታይ ወረደች። ሣጥኑ ባዶ ነበር። ካለፈው ሳምንት ወዲህ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። አንፊሳ ነገር ማስተዋል የምትወድ፣ ያስተዋለችውንም ቶሎ የማታምን ሴት ናት፤ የአንድ ቀን ባዶ ሣጥን ምንም እንደማያረጋግጥ ታውቃለች። ባዶውን ባልዲ ይዛ ስትወጣ ግን አክስቷ ባልዲውን አየችና ፊቷን አዞረች። አንፊሳም አፏን በእጇ ያዘች።

ወንድሟ ኒካፎር የሰማው በሦስተኛው ቀን ነው፤ ቱሪስት በሚያመላልስበት ጀልባ እያፏጨ መጣ። ጨረታውን እየጠበቀ ያለው «ሰሜናዊ ትንፋሽ» የሚባል የሆቴል ኩባንያ እንደሆነ ጀልባ ላይ ሰምቷል። ጥምዙን በግድብ ዘግተው፣ ውሃውን አሙቀው መታጠቢያ ሊያደርጉት ነው።

«በሞቀ ውሃ ሳልመን ይቀቀላል እንጂ አያርፍም» አለ። «አክስቴ፣ ስምሽን ስጪያቸውና እንገላገል። ማን ይጎዳል?»

«ውሃው።»

«ኧረ ውሃው ምን ያውቃል!»

«አንተ ተወልደህ ያጠቡህ በእሱ ነው፤ ካንተ በላይ ያውቃል።»

«የማትሮና ጥምዝ» አለ ኒካፎር እጁን በአየር ላይ እየዘረጋ። «አያስጠላም እኮ። ያምራል።»

«አንተ ስትሞት የጣቢያውን ሽንት ቤት በስምህ ይሰይሙልሃል፤ ያኔ ያምራል ትለኛለህ። እኔን ታውቀኛለህ? በወጣትነቴ ጠጥቼ እዚህ ጥምዝ ውስጥ ወድቄ በቀሚሴ ጫፍ ጎትተው ነው ያወጡኝ። ሁለት ባል አማርሬ አባርሬአለሁ። ሦስተኛው ራሱ ሸሽቷል። ይህችን ሴት ነው ወንዝ ላይ የምትለጥፉት? ወንዙ ምን አደረገ?»

ኒካፎር ሳቀ፤ አንፊሳ ግን አልሳቀችም። አክስቷ አጠገብ ተንበርክካ ጉልበቷን ያዘች።

«እሺ ስምሽ ይቅር። አንድ ቃል ብቻ ነው። ሲጠይቁሽ አዎ በይ። እውነት ነው እኮ አክስቴ፤ ውሸት ተናገሪ አላልኩሽም። አዎ ካላልሽ ከዚህ ያስነሡሻል። ወዴት ትሄጃለሽ? ከእኔ ጋር ጣቢያው ላይ ልትኖሪ ነው?»

ማትሮና ቢላዋዋን በድንጋይ ላይ ሁለት ጊዜ አፋጨች።

«እናቴ በረሃቡ ዓመት ምንም የለም አለች፤ ምንም አልነበረም። መንኮራኩሩ ከክብደት ብዛት በተሰበረ ዓመትም ምንም የለም አለች። ሁለቱንም ጊዜ እኩል ነው ያለችው፤ ለዚያ ነው ዓሣው ያመናት። ሃያ ዓመት ቀርቶብን ነበር። ባዶ ውሃ እያየሁ ሃያ ዓመት እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አሁን ገና መምጣት ጀመረ፤ ገና ዓይናፋር ነው። እኔ ለጫማ ለባሽ ብዬ ላስደንግጠው?»

«ቦታው ከሄደ ዓሣውስ ምን ዋጋ አለው?» አለ ኒካፎር።

«ዓሣው ከሄደ ቦታው ምን ዋጋ አለው?» አለች ማትሮና። ምን ይባላል? ሁለቱም ልክ ናቸው፤ ሕጉ ደግሞ አንዱን ምረጡ ብሏል።

ኮሚቴው የመጣው ሞቃትና ነፋስ በሌለበት ቀን ከቀትር በኋላ ነው። ሃልቨርሰን፣ ሰብሳቢዋ፣ ሁለት አባላትና የሆቴሉ ወኪል ነበሩ። ወኪሉ በነጠላ ጫማ ነው የመጣው፤ የውሃውን ሙቀት በእግሩ ሊሞክር አስቧል። አግዳሚው ላይ ማትሮና ከቢላዎቿ ጋር ስለተቀመጠች ሁሉም ባሉበት ቆሙ። ቢምቢ በላያቸው ላይ እንደ ደመና ወረደ። ሃልቨርሰን አንዲት ትንሽ ሣጥን መሬት ላይ አኖረ፤ ማትሮና በቋንቋዋ የምትናገረውን የምትተረጉም ማሽን ናት።

ማትሮና ሣጥኗን እያየች ለሙከራ አንድ ነገር ተናገረች። ሣጥኗ በወጣቷ ማትሮና ድምፅ «ይህች ደግሞ ማናት» ብላ ተረጎመች።

«እርስዎ ነዎት» አለ ሃልቨርሰን።

«እኔ እንዲህ ነበርኩ?» አለች ማትሮና በእንግሊዝኛ። «ማን አገባኝ ታዲያ?»

ሰብሳቢዋ ፊቷን ከቢምቢው እየጠበቀች ጥያቄውን አቀረበች። ሣጥኗም ለማትሮና በገዛ ድምፅዋ ጠየቀቻት፦ እዚህ ቦታ ዓሣ ያርፋል?

ውሃው በዚያች ሰዓት በዓሣ ሞልቶ ነበር። ከዳር ሆኖ ለሚያይ የዓሦቹ ጀርባ እንደ ጥቁር ድንጋይ ተደርድሮ ይታያል። የሆቴሉ ወኪል ሳይቀር እግሩን ውሃው ውስጥ ነክሮ ጎንበስ ብሎ እያያቸው ነበር፤ አንዱ እግሩን ሲነካው ወደ ኋላ ዘለለ።

«ምንም የለም» አለች ማትሮና።

«ምንም የለም» አለች ሣጥኗ።

አንፊሳ ዓይኗን ጨፈነች። ሃልቨርሰን ቀጠለ፤ የማትሮና ጥምዝ የሚለውን ክብር ትቀበል እንደሆነ ጠየቃት። እምቢ አለች። ለምን እንደሆነ በቋንቋዋ ረጅም ነገር ተናገረች፤ ሣጥኗ ግን ያንን ሁሉ «ሰው አጭር ነው» ብላ ብቻ ተረጎመች። ከአባላቱ አንዱ እንዴት የሚያምር አነጋገር ነው ብሎ አጠገቡ ላለው አንሾካሾከ። ለማስታወሻ እንዲሆነውም ከወንዙ ዳር ጠጠር አንሥቶ ኪሱ ከተተ።

«በጣም አዝናለሁ» አለ ሃልቨርሰን፣ ያዘነም ይመስል ነበር። «እንግዲያውስ እማማ፣ ይህ ቦታ ምን ይባላል?»

አንፊሳ ዓይኗን የገለጠችው ያኔ ነው። ሃልቨርሰን የቆመበትን አየች። ከልጅነቷ ጀምሮ ሰው ቆሞበት የምታውቀው ቦታ ነው፤ ከወንበሩ ትይዩ፣ ሣሩ ያለቀበት። መጀመሪያ የቋንቋ ጥናት ሰዎች ከነማይክሮፎናቸው እዚያ ቆሙ፤ ቀጥሎ መንገድ ቀያሾች፤ ቀጥሎ የዓሣ ቆጣሪዎች፤ ቀጥሎ ኒካፎር በጀልባ የሚያራግፋቸው ቱሪስቶች። የላይ ውሃ ሰዎች አቅጣጫቸው ወንዙ ነው፤ ሰው ሁሉ ለእነሱ ወይ ከላይ ነው ወይ ከታች። እነዚህ ሁሉ ከታች የመጡ ነበሩ። እያንዳንዱ መጥቶ ቆመ፤ እያንዳንዱ ይህንኑ ጥያቄ ጠየቀ፤ የተመለሰለትን ይዞ ሄደ። በረዶው ቀረ፣ አጋዘኑ ቀረ፣ ዓሣውም ሃያ ዓመት ቀርቶ ነበር። እነሱ አንድም ዓመት አልቀሩም።

ወደ አክስቷ ጆሮ ጎንበስ አለች።

«አክስቴ፣ እዚህ ቦታ መምጣቱን አቁሞ የማያውቅ ምንድነው?»

«ቢምቢ» አለች ማትሮና ጮክ ብላ።

«ከቢምቢ ሌላ።»

ማትሮና ግራ ገብቷት አየቻት። ቀስ ብላ አንገቷን ወደ ኮሚቴው አዞረች፤ በጥፊ የገዛ ጉንጩን የሚመታውን፣ በነጠላ ጫማው የቆመውን፣ መቅጃውን ወደ እሷ የዘረጋውን አንድ በአንድ አየች። ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ። አንፊሳ የምታለቅስ መስሏት ደነገጠች። ማትሮና እየሳቀች ነበር።

ሳቋ ሲያልፍላት ቀጥ ብላ ተቀመጠችና በቋንቋዋ አንድ ቃል ተናገረች። ረጅም ቃል ነው፤ ሲጀመር የሚያልቅ አይመስልም። ሣጥኗ ከዚያ በፊት ሰምታው አታውቅም ነበር።

«ከታች የሚመጡ ሰዎች ቆመው የሚጠይቁበት» ብላ ተረጎመች።

ሰብሳቢዋ የቢምቢውን መከላከል አቆመች። «ይህ ስለ ቦታው አንድ ነገር የሚናገር ስም ነው?» ብላ ሃልቨርሰንን ጠየቀች።

«በሚገባ ይናገራል።»

«እውነት ነው?»

ሃልቨርሰን መዝገብ ቤቱን በመሣሪያው ጠየቀ። ጽሕፈት ቤቱ ራሱ እዚያ ቦታ ቆሞ የጠየቀበት ቅጂ ብቻ ሰምቶ ለመጨረስ ወራት ይፈጃል። ፊቱ በራ። «ማስረጃው የጽሕፈት ቤታችን ነው፤ ያውም ያለ ማቋረጥ! በሥራ ዘመኔ እንዲህ በማስረጃ የጠነከረ ነባር ስም አላጋጠመኝም። አሁን እንኳ እኛ ራሳችን…» አለና የቆመበትን አየ። ቅር አላለውም። ይበልጥ ደስ አለው።

«ይህማ ስድብ ነው!» አለ የሆቴሉ ወኪል።

«ሕጉ የከለከለው ውሸትን ነው» አለች ሰብሳቢዋ። «ስድብን አልከለከለም።»

«መምጣታችንን ብናቆምስ?»

«ያኔ ስሙ እውነት መሆኑን ያጣል፤ ይሰረዛል፤ ቦታው ለጨረታ ይወጣል።»

ወኪሉ አሰበ። ጨረታ እንዲወጣ ሰው መምጣት ማቆም አለበት። ማቆሙን ለማረጋገጥ ግን አንድ ሰው ከታች መጥቶ፣ ቆሞ መጠየቅ አለበት። ነገሩን ከዚህም ከዚያም ዞሮ አየው፤ ከዚያ የረጠበ እግሩን በመሐረብ ጠርጎ ወደ መኪናው ሄደ።

ሃልቨርሰን ስሙን እዚያው አጸደቀ። የማትሮናን እጅ ይዞ በዚያ በሰለቸው ቃና በቋንቋዋ አመሰገናት፤ ቋንቋው ዛሬ አዲስ ቃል ወለደ፣ ሕያው ነው፣ የጽሕፈት ቤቱ ሥራ ፍሬ አፈራ አለ። ሣጥኗን አንሥቶ ሊሄድ ሲል አንፊሳ የድሮውን ስም እንድትጠራላት ጠየቀቻት።

«ስም አልባ» አለች ሣጥኗ።

ሰዎቹ ሄዱ። አቧራቸው ሳይወርድ ከዳር ሲያይ የነበረው ኒካፎር እጁን እያጨበጨበ መጣና አክስቱን ትከሻዋ ላይ ሳማት። አንፊሳም ልታቅፋት ነበር፤ ማትሮና በክርኗ ገፋ አደረገቻት።

«አትደሰቱ። ስም አላወጣሁም። አጥር ነው ያጠርኩት።»

«ቦታው ቀረልን እኮ» አለች አንፊሳ።

«ቀረልን። በዚያ መዝገብ ደግሞ ይህን ውሃ ስለ እነሱ የሚያወራ አደረግሁት። እናቴ ብትሰማኝ ምን ትላለች?» ቢላዋዋን አነሣች፣ መልሳ አስቀመጠችው። «በይ የድሮውን ጥሪው። አሁን፣ እዚህ፣ ሣጥኑ ሳይኖር።»

አንፊሳ ጠራችው። ማትሮና አስደገመቻት፤ ከዚያ ደግሞ አስደገመቻት። ለኒካፎርም አስጠራችው። ሲሳሳት ሰደበችው፣ ሲያገኘው ዝም አለች።

በቀጣዩ በጋ የባትሪ መሙያ ጣቢያው በመኪና ተጨናነቀ። አዲሱ ስም በየአገሩ ተወርቷል፤ «በጥንት ቋንቋ የወጣ ዘመናዊ ስም» ተብሎ ሽልማትም አግኝቷል። መኪኖቹ ወደ ጥምዙ ሲቃረቡ በወጣቷ ማትሮና ድምፅ ያን ረጅም ቃል ይጠሩታል። ቱሪስቶቹ ቃሉ ምን ማለት እንደሆነ አያውቁም፤ ዜማው ግን እንደ ጸሎት ነው ይላሉ። አንዳንዶቹ በቆዳቸው ላይ አስነቅሰውታል።

ሕጉ ማንኛውም ስም እውነትነቱ በየዓመቱ በቦታው እንዲጣራ ያዛል። ስለዚህ የዓሣው ወቅት ሲደርስ የስያሜ ጽሕፈት ቤቱ ሃልቨርሰንን ላከው። ከታች መጣ፤ ሣሩ ያለቀበት ቦታ ላይ ቆመ። አንፊሳ ከመንኮራኩሩ ያወጣችውን ባልዲ ይዛ በአጠገቡ አለፈች፤ መንገድ ለቀቀላት።

«ይቅርታ እማማ» አለ ጎንበስ ብሎ፣ «ይህ ቦታ ምን ይባላል?»

ማትሮና አግዳሚው ላይ ጉልበቷን ከፍታ ተቀምጣ አንድ ትልቅ ቀይ ሳልመን እየሰነጠቀች ነበር። ቀና አላለችም። የያዘችውን ዓሣ ጨረሰች፣ አጠበችው፣ ገመዱ ላይ ሰቀለችው፤ ከዚያ ከባልዲው ሌላ አነሣችና እሱንም ሰንጥቃ እስክትጨርስ አልመለሰችለትም።

ሃልቨርሰንም ቆሞ ጠበቀ።